ሙታንን በእውነት መቁጠር

ወረርሽኝ በመጣ ቁጥር «ስንት ሰው ሞተ?» የሚለው ጥያቄ አብሮ ይመጣል። ጥያቄው ሐኪሞችንና የመንግሥት ጸሐፊዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስላል፤ ዳሩ ግን የኅሊና ጥያቄም ነው። ሙታንን በትክክል መቁጠር ግዴታችን ነውን?

አንዳንዶች ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን ስላስቆጠረ ቸነፈር እንደ ወረደ በማስታወስ (2ኛ ሳሙ. 24) መቁጠርን ይጠራጠራሉ። ነገር ግን ዳዊት ያስቆጠረው ሰይፍ የሚመዙትን ወንዶች ነበር። በዚያው ምዕራፍ በቸነፈሩ የሞቱት 70,000 መሆናቸው ተጽፎልናል። እንግዲህ የሚነቀፈው ቁጥሩ ሳይሆን የቆጣሪው ልብ ነው። መቶ በጎች የነበሩት እረኛም አንዲቱ መጥፋቷን ያወቀው ስለ ቆጠረ ነው። አንዱ ለመመካት ይቆጥራል፤ ሌላው ለመፈለግ።

ቆጠራ ቀላል አለመሆኑን ታሪክ ያስተምረናል። በ1911 ዓ.ም. በአገራችን በተነሣው የኅዳር በሽታ በአዲስ አበባ ብቻ 10,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ይነገራል፤ ይህ ግን ግምት እንጂ ከመዝገብ የተገኘ ቁጥር አይደለም። በኮሮና ዘመንም የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በመንግሥታት የተመዘገቡት ሟቾች 5.4 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ፣ በተለመደው ዘመን ከሚጠበቀው በላይ የሞቱት ግን 14.9 ሚሊዮን እንደሚሆኑ ተገምቷል። በዚህ ውስጥ በበሽታው የሞቱ ብቻ ሳይሆኑ፣ ሐኪም ቤቶች በመጨናነቃቸው ሕክምና አጥተው የሞቱም ይገኛሉ። በቤቱ ሳይመረመር ያረፈውን ድኻ ማን መዘገበው?

የፔሩ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2021 ቀድሞ 69,000 ያህል ያለውን የሟቾች ቁጥር መርምሮ ከ180,000 በላይ መሆኑን በይፋ አረመ። እርማቱ ለባለ ሥልጣን የሚያሳፍር ይመስል ይሆናል፤ ነገር ግን ያልተቆጠሩትን ከ110,000 የሚበልጡ ሰዎች ወደ ወገኖቻቸው መታሰቢያ መለሳቸው።

በሐሰት መመስከርን የሚከለክለው ስምንተኛው ትእዛዝ ቁጥርንም ይመለከታል። ወቀሳን ፈርቶ የሚያሳንስ፣ ሕዝብን ለማስደንገጥ ወይም ርዳታ ለማብዛት የሚያጋንን፣ ሁለቱም ስለ ሙታን በሐሰት ይመሰክራሉ። የማያውቀውን «ግምት ነው» ብሎ የሚናገር ግን አይዋሽም፤ ትሕትናም የእውነት ወገን ናትና። ነውርን ፈርተው የሟቹን ሕመም የሚሰውሩ ቤተ ሰቦችም አሉ። ኀዘናቸውን ልናከብር ይገባል፤ የሟቹን ስም በአደባባይ ማውጣትም አያስፈልግም። ሆኖም ለሐኪም እውነቱን መንገር የጎረቤትን ሕይወት ሊያድን ይችላል።

«እግዚአብሔር የራስ ጠጕራችንን ሳይቀር ያውቃል፤ የእኛ መቁጠር ለምን ያስፈልጋል?» የሚል ይኖራል። በእርግጥ እርሱ መዝገብ አያስፈልገውም፤ ለእኛ ግን ያስፈልገናል። መቃብር የበዛበት መንደር ካልታወቀ ርዳታው ወደ ሌላ ይሄዳል። ስሙ ያልተጻፈውም በጊዜ ብዛት ከጸሎታችን ይረሳል። ቤተ ክርስቲያን በቁምስናዎች የሟቾች መዝገብ እንዲያዝ በሕጓ የምታዝዘው፣ ከቀብር በኋላም የሟቹ ስም እንዲጻፍ የምትሻው በከንቱ አይደለም።

ስለዚህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፤ ካህን በማይደርስበት መንደር ብዙ ጊዜ ሙታንን የምትሸኙት እናንተ ናችሁ። የሟቹን ስም፣ ዕድሜና ያረፈበትን ቀን በዚያው ሰሞን ጽፋችሁ ለቁምስናው አስረክቡ። የሞቱን ምክንያት የምታውቁ ከሆነ ጻፉ፤ ካላወቃችሁ ቦታውን ባዶ ተዉት፤ በግምት አትሙሉት። ሕፃኑንም፣ መጻተኛውንም፣ ዘመድ የሌለውንም አትዝለሉ። ሙታንን መቅበር የምሕረት ሥራ ከሆነ፣ በእውነት መመዝገባቸውም የዚያው ሥራ ፍጻሜ ነው።