ሦስቱ ፈረሶችና የኪራይ መኪና

  



ከራያ ቆላ፣ ከቆቦ ወይም ከሮቢት ወጥቶ በዱባይ ወይም በዋሽንግተን የሚሠራ አንድ ሙስሊም ወጣት እንውሰድ። ሥራ አግኝቷል፤ ደመወዙም ተስተካክሎለታል። አንድ ቀን የመኪና መሸጫ በር ላይ ይቆማል። ዝቅ ያለች፣ ባለሁለት በር፣ ስትነሣ የምታጓራ የስፖርት መኪና ያያል። ሻጩም «መግዛት አያስፈልግህም፤ ትንሽ ቅድመ ክፍያ ስጥና ለሦስት ዓመት ተከራያት፤ በየወሩ እየከፈልክ ሥራ ሂድባት፤ ሲያበቃ መልሳት» ይለዋል። በአገራችን ሊዝ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለን መሬት ነው፤ በዚያ አገር ግን መኪናም በሊዝ ይያዛል። እንግዲህ ይህ ወንድማችን ምን ይወስን? ይውሰዳት ወይስ ይተዋት?

ብዙዎቻችን «ሐላል ነው» ወይም «ሐራም ነው» ብለን በአንድ ቃል ልናሰናብተው እንፈልጋለን። ነገሩ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። ስለ ውሉ፣ ስለ ኒያውና መኪናዋን ስለሚያየው ዓይን ለየብቻ መጠየቅ ያስፈልጋል። የመጨረሻው ከሁሉ የተረሳ ስለሆነ ሰፋ አድርገን እንመለስበታለን።

በመጀመሪያ ኢስላም መልካም መጓጓዣን የሚጠላ ሃይማኖት አለመሆኑ ይታወቅ። በሱረቱ ነሕል 8ኛው አንቀጽ ላይ አላህ (ሱ.ወ.) ፈረስን፣ በቅሎንና አህያን ለመጋለቢያነትም ለጌጥነትም እንደፈጠረልን ገልጿል። ጌጥ መሆኗ በራሱ ወንጀል ቢሆን ኖሮ ከጸጋዎቹ ተርታ ባልተቆጠረ ነበር። ምቹ መጓጓዣ ከሰው ልጅ የደስታ ምንጮች አንዱ መሆኑም በሐዲስ ተነግሯል። ኢብን መስዑድ ባስተላለፉት ሐዲስ እንደተዘገበው፣ አንድ ሰው ልብሱና ጫማው እንዲያምርለት መውደዱ ኩራት ይሆን እንደሆነ ተጠይቆ ነበር፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ኩራት ማለት እውነትን አልቀበልም ማለትና ሰውን መናቅ እንደሆነ አስረድተዋል። ስለዚህ መኪናዋ ፈጣንና ያማረች ስለሆነች ብቻ ወንድማችንን የምንኮንንበት ምክንያት የለንም።

አሁን ወደ ውሉ እንግባ። ኪራይ፣ በሸሪዓው ቋንቋ ኢጃራ፣ የተፈቀደ ነገር ነው። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) በመድየን ለስምንት ዓመት ተቀጥረው ለመሥራት መዋዋላቸው በሱረቱል ቀሶስ ተተርኳል። ይሁንና ኢጃራ ሥርዓት አለው። አከራዩ የንብረቱ እውነተኛ ባለቤት መሆን አለበት። ተከራዩ ሳያጠፋ ንብረቱ ቢወድም ኪሳራው የባለቤቱ ነው፤ ኪራዩም ይቆማል። ንብረቱን በአገልግሎት ላይ የሚያቆየው መሠረታዊ ጥገና የአከራዩ ነው። ክፍያ ሲዘገይ ለአከራዩ ገቢ የሚሆን ጭማሪ መጠየቅ ደግሞ የሪባ በር ነው። በ1421 ሒጅራ በሪያድ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚም በባለቤትነት ስለሚያልቅ ኪራይ መክሮ የተፈቀደውን ከተከለከለው ለይቷል። ኪራዩና ሽያጩ በአንድ ንብረት ላይ በአንድ ጊዜ የተደበላለቁ ውሎች እንዳይሆኑ፣ የንብረቱ ኃላፊነትም በአከራዩ ላይ እንዲሆን ወስኗል።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ! ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ። ሊብሬው በማን ስም ነው? መኪናዋ ያለ ጥፋትህ ብትቃጠል ቀሪውን የሚከፍለው ማን ነው? አንድ ወር ብትዘገይ ምን ይጨመርብሃል? መኪናዋ የእነርሱ፣ ኪሳራው ግን ሁሉ ያንተ ከሆነ፣ ስሙ ኪራይ ይሁን እንጂ ሥራው ብድር እንደሆነ ልብ በል። ወረቀቱን ይዘህ በውል ፊቅህ የበሰለ ዓሊም ዘንድ ሂድ፤ ከሻጩ አንደበት ፈትዋ አይገኝም።

በአገራችንም የኪራይ ፋይናንስ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1990 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ዕቃ ኪራይ አዋጅ ቁጥር 103፣ በ2005 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 807 የተሻሻለው፣ ለዚሁ ሥራ መሠረት ነው። ይህ ሕግ ግን በዋናነት ያሰበው ምርት ለማምረትና አገልግሎት ለመስጠት የሚውለውን ዕቃ ነው። በ2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ባንኮች ከወለድ ነፃ መስኮት እንዲከፍቱ መመሪያ አወጣ፤ በ2011 ዓ.ም. ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆነ ባንክ ማቋቋም ተፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሥራ ጀመረ፤ ሒጅራ ባንክም ተከተለ። ሙራበሓና ኢጃራ የሚሉት ቃላት ዛሬ ከመስጊድ ደርስ አልፈው ከባንክ መስኮት ላይ ይነበባሉ። የዱንያው ሕግ እንኳ የሚሠራን ዕቃ ለይቶ ካሰበ፣ አማኙ የሚሠራለትንና የሚበላውን ንብረት ለይቶ ማሰብ እንዴት ያቅተው?

ሒሳቡንም እናስላው። በአሜሪካ የተለመደው የመኪና ሊዝ ብዙውን ጊዜ የሦስት ዓመት ነው። በዓመት የሚነዳው ርቀት ከ10 እስከ 15 ሺህ ማይል ይገደባል፤ ከዚያ ያለፈው እያንዳንዱ ማይል ይከፈልበታል። ውሉን አቋርጦ መውጣት ከባድ ክፍያ ያስከትላል። የስፖርት መኪና መድኗ ውድ ነው፤ ጎማዋም ፍሬኗም ውድ ነው። በየቀኑ ሥራ የምትመላለስባት ከሆነ ማይሉ ይሞላል፤ ጎማው ያልቃል። ሦስት ዓመት ከፍለህ በመጨረሻ ቁልፉን ትመልሳለህ፤ በእጅህ የሚቀር ነገር የለም። «አገር ቤት ይዣት እገባለሁ» እንዳትል መኪናዋ ያንተ አይደለችም። ብትገዛትም እንኳ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ የስደተኛ ኑሮ ዋስትናው ቀጭን ነው። በ2006 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል። ዛሬ የሚሠራ ነገ ሊባረር ይችላል፤ የሦስት ዓመት ውል ግን «ተባርሬያለሁ» ስላሉት አይቀደድም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላታቸው ውስጥ ከኃጢአትና ከዕዳ በአላህ ይጠበቁ ነበር። ከዕዳ ይህን ያህል መጠበቃቸው ለምን እንደሆነ ሲጠየቁ፣ ባለ ዕዳ ሲናገር ወደ ውሸት፣ ቃል ሲገባ ወደ ማፍረስ እንደሚገፋ አስረድተዋል። ጥቂት ዲናሮች ዕዳ በነበረበት ሰው ጀናዛ ላይ፣ አቡ ቀታዳ ዕዳውን እስኪረከቡ ድረስ፣ ራሳቸው ከማሰገድ መታቀባቸውም ተዘግቧል። ለችግር ስለተበደሩት ይህ ከተባለ፣ ለጌጥ ስለምንገባበት ዕዳ ምን እንበል?

ውድ አንባቢያን! ስለ ኒያ ስንነጋገር አቡ ሁረይራ ያስተላለፉትና ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት የሦስቱ ፈረሶች ሐዲስ ይበቃናል። ፈረስ ለአንዱ ሰው ምንዳ ነው፤ ለአላህ መንገድ ብሎ ያሰረው፣ የጋጠችው ሣርና የጠጣችው ውሃ ሳይቀር የሚጻፍለት ነው። ለሁለተኛው መሸፈኛ ነው፤ ከሰው እጅ ላለመጠበቅ ይዟት፣ በአንገቷም በጀርባዋም ላይ ያለውን የአላህ ሐቅ ያልረሳ ነው። ለሦስተኛው ግን ሸክም ነው፤ ለኩራት፣ ለታይታና በሙስሊሞች ላይ ለጠላትነት ያሰራት ነው። አስተውሉ! ፈረሷ አንድ ዓይነት ናት፤ የተለያየው አሳሪው ነው። ከዚያም ስለ አህያ ሲጠየቁ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በተለይ የወረደላቸው ነገር እንደሌለ ተናግረው፣ የብናኝ ታህል መልካምም ክፉም የሠራ እንደሚያገኘው የምትነግረውን የሱረቱ ዘልዘላን ጠቅላላ አንቀጽ አመለከቱ። አህያን ያካተተች አንቀጽ የሊዝ መኪናንስ አታካትትምን?

ስለዚህ መኪናዋ ከሦስቱ የትኛዋ እንደሆነች ባለቤቱ ልቡን ይጠይቅ። ማንም የማያይህ አገር፣ ፎቶ የማይነሣበት አገር ብትሆን ኖሮ ይህችኑ መኪና ትመርጥ ነበርን? መልስህ «አዎ» ከሆነ ምናልባት ምቾቷንና አሠራሯን ወደህ ይሆናል፤ ውሉን አጣርተህ፣ አቅምህን መዝነህ ወስን። መልስህ «አይ» ከሆነ ግን የተከራየኸው መኪና አይደለም፤ በየወሩ የምትከፍለው ለሰው ዓይን ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ባልተሰጠው ነገር እንደጠገበ ሆኖ የሚታይን ሰው ሁለት የሐሰት ልብስ ከለበሰ ሰው ጋር አመሳስለውታል። የሌላውን መኪና ተደግፎ «የኔ ናት» በሚል አኳኋን ፎቶ መነሣት ከዚህ ምን ያህል ይርቃል?

እዚህ ላይ ነው ወደ ቆቦ የምንመለሰው። ፎቶው እዚያው አይቀርምና!

የራያ ቆላ ሰፊ ሜዳ ነው፤ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች ቆመውለታል። ገበሬው ከሆርማትና ከጎሊና የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው እየመለሰ ማሽላና ጤፍ ያበቅላል። በ2013 ዓ.ም. የአንበጣ መንጋ ያንን አዝመራ በላበት፤ በዚያው ዓመት ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ደጁ ድረስ መጣበት። ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ወፍ የሚጠብቅ የ17 ዓመት ልጅ ዛሬ ሌላው እጁ ላይ ስልክ አለ። በስልኩም የጎረቤቱ ልጅ ከቀይ መኪና አጠገብ ቆሞ ይታየዋል። ቅድመ ክፍያው አይታየው፤ ወርሐዊ ክፍያው አይታየው፤ ከክፍያው ቀን በፊት እንቅልፍ የሚያጣው ባለ ፎቶም አይታየው። የሚታየው መኪናዋ ብቻ ናት። «እኔስ እዚህ ማማ ላይ ምን እሠራለሁ?» ይላል።

በሱረቱል ቀሶስ የተተረከውን የቃሩንን ታሪክ አስታውሱ። ቃሩን በጌጡ ተውቦ ወደ ሕዝቡ በወጣ ጊዜ ዱንያን የሚፈልጉት «ምነው የእርሱን ባገኘን» ብለው ተመኙ። ዕውቀት የተሰጣቸው ግን የአላህ ምንዳ እንደሚሻል ነግረው ገሠጿቸው። ቃሩን ከነቤቱ በምድር በተዋጠ ጊዜ እነዚያው ተመኚዎች በምኞታቸው ደነገጡ። አላህ (ሱ.ወ.) የቃሩንን ጌጥ ሲነግረን የተመልካቹንም ልብ አብሮ ነገረን። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። የታይታ ሰው ራሱን ብቻ አይጎዳም፤ የሚያየውንም ይዞ ይወርዳል።

የቆቦው ተመልካች ደግሞ የሚመኘው በቃል ብቻ አይደለም። ደላላ ይፈልጋል። በሬ ይሸጥለታል፤ እናት የአንገቷን ታወልቃለች። በአፋር በረሃ ወደ ጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ወደ ሳዑዲ ድንበር ይጓዛል። በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት ሁለት ጀልባዎች በጅቡቲ ጠረፍ ተገልብጠው በአሥሮች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል፤ አብዛኞቹ የእኛው ልጆች ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ሁሉም በፎቶ ተታለው ሄዱ አንልም፤ ድህነትም ጦርነትም ድርቅም አለ። ነገር ግን ከገፊዎቹ አንዱ የእኛ ፎቶ ከሆነ፣ በብናኝ ሚዛን በሚመዘንበት ቀን ምን ልንመልስ ነው?

እንግዲህ ምን ይደረግ? ወንድማችን ለሥራው መጓጓዣ ያስፈልገዋል፤ ይህ ሐቁ ነው። በአቅሙ የሆነች፣ በጥሬ ገንዘብ የተገዛች ያገለገለች መኪና ይንዳ፤ ሊብሬዋም በስሙ ይሁን። በሁለቱ ክፍያ መካከል በየወሩ የሚተርፈው ልዩነት በሦስት ዓመት ምን ሊሆን እንደሚችል ከቤተሰቡ ጋር ይምከር። በቆቦ ጊራና ሸለቆ የከርሰ ምድር ውሃ እየተሳበ መስኖ ይለማል፤ ለወንድሙ የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊሆን ይችላል። ከወለድ ነፃ በሆነ ውል፣ በሽርክና የተገዛች አንዲት ባጃጅ ሊሆን ይችላል። ይህችው ባጃጅ ከዳር መንደር ምጥ የያዛትን እህት ሌሊት ሆስፒታል ብታደርስ ከሁለተኛዋ ፈረስ አልፋ ወደ መጀመሪያዋ ትጠጋለች። ያ ማማ ላይ ያለው ልጅም ስልኩን ሲከፍት የሚያየው የራሱ ማሳ ውሃ ሲጠጣ ይሆናል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። «የእገሌ ልጅ መኪና ይዟል፤ አንተስ?» የምትለው ቃል በስልክ ተሻግራ ስንቱን ወንድም ሳይፈልግ አስፈርማለች! እናቶቻችንና አባቶቻችን ሆይ! ልጃችሁን ስለ መኪናው ከመጠየቃችሁ በፊት ስለ ዕዳው ጠይቁት።

ሙስሊም መጓጓዣው ላይ በወጣ ቁጥር፣ ከሱረቱ ዙኽሩፍ የተወሰደውን ዱዓ ያደርጋል። በዚህ ዱዓ መጓጓዣዋን የገራልን አላህ እንደሆነ፣ እኛ በራሳችን ኃይል ልንገራት የማንችል እንደነበርን፣ መመለሻችንም ወደ እርሱ መሆኑን እንመሰክራለን። ይህን ዱዓ ያለ እፍረት ልትልባት የምትችላትን መኪና ምረጥ።

አላህ (ሱ.ወ.) ሲሳያችንን ሐላል፣ ዕዳችንን ቀላል፣ ጌጣችንን ከታይታ የጸዳ ያድርግልን። በባሕርና በበረሃ ላይ ያሉ ልጆቻችንንም ይጠብቅልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።