የሳተ ጥይት ጥፋቱ የማን ነው?

አዲስ ሽጉጥ ይዞ ወደ ዒላማ ሜዳ የወጣ ሰው፣ ጥይቱ መካከሉን ቢመታ ምስጋናውን ለእጁ፣ ቢስት ወቀሳውን ለመሣሪያው መስጠት ይቀናዋል፤ መሣሪያው አፍ አውጥቶ አይከራከርምና። አንዳንድ ጊዜ እርግጥ እውነት ይሆንለታል። ሽጉጡን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፎ ሲተኩስ ጥይቶቹ ተሰብስበው በአንድ ወገን ካረፉ፣ ማነጣጠሪያው መታረም አለበት።

ነገር ግን አሠልጣኞች ሌላ መመርመሪያ አላቸው። ተኳሹ ሳያውቅ፣ ባሩድ የሌለው አንድ ጥይት በካዝናው ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ይቀላቅላሉ። ተራው ደርሶ ቃታው ሲሳብ ድምፅ የለም፤ ርግጫም የለም፤ አፈሙዙ ግን ወደ ታች ይደፋል። እጁ ገና ያልመጣውን ርግጫ ፈርቶ አስቀድሞ ተንቀሳቅሷል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ፍርሃት ጥፋት ነውን? እኛስ አይደለም እንላለን፤ ሰው ፍርሃቱን መርጦ አያመጣውም። ይህን በዓይኑ አይቶ ሽጉጡን መውቀስ የቀጠለ እንደሆነ ግን ፍርዳችን ይለወጣል። በሜዳው ከዒላማው ጀርባ ያለው የአፈር ክምር ነው፤ ከሜዳው ውጭ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሀንጋሪያዊው ካሮይ ታካች እ.ኤ.አ. በ1938 የሚተኩስበት ቀኝ እጁ በእጅ ቦምብ ተጎዳ። ከዚህ የበለጠ ምክንያት ከወዴት ይገኛል? እርሱ በግራ እጁ መተኮስን እንደ ጀማሪ ተማረ፤ በ1948 በለንደን፣ በ1952 በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በሽጉጥ ተኩስ ወርቅ አገኘ።