ከእምቦጭ የሚተዳደር ሰው እምቦጭን ይጠላልን?

በጣና ባሕር ሰሜናዊ ምዕራብ ዳር፣ በጣቁሳ ወረዳ ያለችው ደልጊ የወደብ ከተማ ስለሆነች ኑሮዋ ከባሕሩ ጤና ጋራ የተሳሰረ ነው። ባሕሩን የያዘው ደዌም እምቦጭ የሚባለው አረም ነው። የዚህ አረም ጥንተ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ሲሆን፣ ወደ ጣና መግባቱ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ገደማ ነው። በተመቸው ስፍራ በሁለት ሳምንት ያህል እጥፍ ይሆናል፤ ፍሬውም ከጭቃ ውስጥ ተቀብሮ ብዙ ዓመት ሳይሞት ይቆያል። በውሃው ላይ በተነጠፈ ጊዜ ዓሣውን አየር ይነሣዋል፣ ለታንኳ መንገድ ይዘጋበታል፣ ከብቱንም ከመጠጫው ይለየዋል።

በዚህ ዘመን ግን፣ ይህ አረም ተነቅሎ ከሚጣል ዕቃ ይውጣበት የሚሉ ሊቃውንትና ነጋዴዎች ተነሥተዋል። ከእርሱ የማብሰያ ጋዝ፣ ማዳበሪያ፣ የተጨመቀ ከሰልና ወረቀት ማውጣት ይቻላል። በኬንያም ከኤገርተን ዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶች ሀያፓክ የሚባል ማኅበር አቁመው፣ በናይቫሻ ሐይቅ ከበቀለው እምቦጭ በአፈር ውስጥ የሚበሰብስ የችግኝ መያዣ ይሠራሉ። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል ሕግ ስላወጣች፣ በፕላስቲክ ፈንታ የሚሆን ነገር ፈላጊው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ብልሃት ምስጋና ይገባዋል።

ነገር ግን እንጀራውን የሚያገኝበትን ነገር ፈጽሞ ሊያጠፋ የሚወድ ማን ነው? ሐኪምም ከበሽታ ይተዳደራል፣ ስለዚህ በሽታን ይወዳል አይባልም የሚል አይጠፋም። ምሳሌው ግን ሙሉ አይደለም። ሐኪም አንዱን ቢያድን ሌላው ደጁን ይመታል፤ የእምቦጭ ፋብሪካ ግን ባሕሩ የዳነ ዕለት ሥራው ያልቃል፤ ለመኪናው መግዣ የተበደረው ዕዳ ግን አያልቅም። ባለቤቱ ደግ ሰው ቢሆን እንኳ ዕዳው ክፉ ምክር ይመክረዋል። በ1980ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ በቪክቶሪያ ሐይቅ ይህን አረም የሚበላ ጢንዚዛ ተለቅቆ፣ በጥቂት ዓመት ውስጥ አረሙ እጅግ ቀንሶ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር በጣና ቢሆን ደስ የሚለው ዓሣ አጥማጁ ነው ወይስ ባለ ፋብሪካው?

ሁለተኛም ነገር አለ። እምቦጭ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጠው እጅ ውሃ ነው፤ ዐሥር ኩንታል ርጥቡ ቢደርቅ አንድ ኩንታል አይሞላም። ስለዚህ ትርፉን የሚወስነው ጭነቱ ነው። የባሕሩ ዳር ገበሬ ደረቱ ድረስ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ በደቦም ሆነ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. እንደ ታወጀው ባለ ዘመቻ፣ ሲነቅል የቆየው ባሕሩን የሚጎዳውን እያየ ነው። ለአረሙ በኩንታል ዋጋ በተቈረጠለት ጊዜ ግን ለመንገድ የቀረበውን ነቅሎ፣ በረግረጉና በደንገሉ መካከል የተሸሸገውን ይተወዋል፤ ለዓሣውና ለመራቢያው ክፉ የሆነው ግን ያ የተሸሸገው ነው።

ታንኳ ሠሪውን ስንኳ ቢመለከቱ ነገሩ ይገለጣል። እርሱም ከባሕሩ በሚበቅል ሣር፣ በደንገል፣ ይተዳደራል። ነገር ግን የእርሱ ፍላጎትና የባሕሩ ጤና ወደ አንድ ወገን ይስባሉ፤ ደንገል ሲበዛ ከየወንዙ የሚወርደውን ደለል ይይዛል፣ ለዓሣና ለወፍ መጠጊያ ይሆናል። ያለ ልክ ካጨደ ነገ የሚያጭደው ስለማያገኝ የገዛ ረኃቡ ይገሥጸዋል። የእምቦጭን ነጋዴ የሚገሥጸው እንዲህ ያለ ነገር የለም። ስለዚህ ግሣጼው አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ሊገባ ይገባል፤ ገንዘብ የሚያበድረውም ባንክ ሆነ መንግሥት፣ መኪናው አረሙ ካለቀ በኋላ የበቆሎ አገዳና ገለባ ሊፈጭ የሚችል መሆኑን ሳያረጋግጥ ብሩን አይቍጠር። እርሻና ግጦሽ ደንገሉን ባጠፋበት ዳር ደግሞ፣ እምቦጩ በተነቀለበት ወራት የደንገል ሥር ይተከል፤ ወጪውም ከዚያው ከአረሙ ሽያጭ ላይ ይነሣ።