የእንጥፍጣፊው ባለቤት

እ.ኤ.አ. በ2016 ደቡብ አፍሪካውያን «ዳታ መውደቅ አለበት» እያሉ በማኅበራዊ ሚዲያ ሲያሰሙት የነበረው ጩኸት ላይ ላዩን ሲያዩት ተራ የዋጋ አቤቱታ ይመስል ነበር። የአገሪቱ የውድድር ኮሚሽን ምርመራውን ጨርሶ በዲሴምበር 2019 ይፋ ያደረገው ሪፖርት ግን ከዋጋው መወደድ በላይ የሚያሳፍር ነገር አወጣ። በጥቂት በጥቂቱ የሚገዛው ሰው ለአንዲት ሜጋባይት የሚከፍለው፣ በብዛት ከሚገዛው ሰው እጅግ ይበልጥ ነበር። ትንንሾቹን ጥቅሎች የሚገዙት ደግሞ ድሆቹ ናቸው። ኮሚሽኑ ይህን አሠራር ድሃን የሚጎዳ ብሎ ፈረጀውና ሁለቱ ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ቮዳኮምና ኤምቲኤን፣ ዋጋቸውን ከ30 እስከ 50 በመቶ እንዲቀንሱ ጠየቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው በጥሞና ሊታይ ይገባዋል። ከኤፕሪል 1 ቀን 2020 ጀምሮ የቮዳኮም የአንድ ወር የአንድ ጊጋባይት ጥቅል ከ149 ራንድ ወደ 99 ራንድ ወረደ። አገሪቱ በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በሯን ከዘጋች ገና ሳምንት አልሞላትም ነበር። አንቴናው ያው፣ ኬብሉ ያው፣ ሠራተኛውም ያው ሆኖ የዋጋው ሲሶ በአንድ ሌሊት ተነሣ። ታዲያ እስከ ትናንት ድረስ ሲከፈል የኖረው ያ 50 ራንድ የምን ዋጋ ነበር?

ይህን ጥያቄ መጀመሪያ ያነሡት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች አይደሉም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በስምንተኛው መቶ ዘመን ከቴቁሔ እረኞች መካከል የተነሣው ነቢዩ አሞጽ፣ ሰንበት እስኪያልፍላቸው የሚቻኮሉትን የእስራኤል እህል ነጋዴዎች የወቀሳቸው በዚሁ ነበር፤ መስፈሪያውን ያሳንሳሉ፣ የሚቀበሉበትን ሚዛን ያከብዳሉ፣ በዚህም ድሃውን ይገዙታል። በቁርኣንም 83ኛው ሱራ የሚጠራው ሰፍረው ሲሰጡ በሚያጎድሉ፣ ሲቀበሉ ግን አሟልተው በሚወስዱ ሰዎች ነው። ሁለቱም መጻሕፍት ስርቆትን በአጠቃላይ ሲኮንኑ ሳለ ለመስፈሪያ የተለየ ቦታ መስጠታቸው ያለ ምክንያት አይደለም። መስፈሪያው በሻጩ እጅ ነው፤ ገዢው ያለው እምነት ብቻ ነው። ሜጋባይት ስንት እንደ ፈጀ የሚቆጥረው የኩባንያው ኮምፒውተር ነውና በስልክ ገበያ ላይ ይህ እምነት ፍጹም ጭፍን ነው።

የኩባንያዎቹ መልስ የታወቀ ነው፤ በጅምላ የገዛ ሁልጊዜም ይረክስለታል ይላሉ። እውነትም ጤፍ በኩንታል የሚገዛ ሰው በጣሳ ከሚገዛው ያነሰ ይከፍላል፣ ማንም ቅር አይለውም። ነገር ግን ቸርቻሪዋ ጆንያውን ስትፈታ ይፈስባታል፣ ስትሰፍር ትውላለች፣ ለደንበኛዋም ምራቂ ትጨምራለች። ለዚህ ሁሉ ድካሟ ትንሽ ብትጨምር የድካሟ ዋጋ ነው። ሃምሳ ሜጋባይት ለመሸጥና ሃምሳ ጊጋባይት ለመሸጥ ግን ኮምፒውተሩ ያው አንድ ትእዛዝ ነው የሚፈጽመው። ልዩነቱ ያን ያህል ከሰፋ የሚከፈለው ለሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ በግልጽ ያስቀመጠው በ13ኛው መቶ ዘመን የኖረው ጣሊያናዊው መነኩሴና ፈላስፋ ቶማስ አኩዊናስ ነው። እንደ እሱ ሐሳብ ሻጭ ዕቃውን በመስጠቱ የሚደርስበትን ጉዳት በዋጋው ውስጥ ማካተት ይችላል። ገዢው ስለ ተቸገረ ብቻ ዋጋ መጨመር ግን አይችልም፤ ምክንያቱም ችግሩ የገዢው እንጂ የሻጩ ንብረት አይደለም፣ ሰው ደግሞ የራሱ ያልሆነውን መሸጥ አይገባውም። ከስምንት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ ሲነበብ እንኳ ይህ ሐሳብ ስለታም ነው። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ሰው ሃምሳ ሜጋባይት የሚገዛው ትንሽ ስለሚበቃው ሳይሆን ኪሱ ከዚያ በላይ ስለሌለው ነው። ያ ባዶ ኪስ ነው ተተምኖ መልሶ ለራሱ የሚሸጥለት።

ይህን ግብይት በቅርብ ከሚያዩት መካከል ኢትዮጵያውያን ይገኛሉ። በጆሃንስበርግ ዙሪያ ባሉ የጥቁሮች መንደሮች ውስጥ ከሀዲያ፣ ከከምባታና ከሌሎችም አካባቢዎች የሄዱ ወጣቶች የከፈቷቸው ትንንሽ ሱቆች አሉ። ሽያጩ በብረት ፍርግርግ በኩል ነው። ደንበኛው ሳንቲሙን ቆጥሮ ያሾልካል፤ ግማሹ ለዳቦ፣ የተረፈው ለአየር ሰዓት ይሆናል። ባለሱቁ በዋጋው ላይ አንዳች ሥልጣን የለውም፣ ድርሻው ጥቂት ኮሚሽን ነው። የደንበኛው ቅሬታ ግን መጀመሪያ የሚያርፈው እሱ ላይ ነው።

ሳንቲሙም ሲያልቅ ብድር አለ። በኬንያ የሳፋሪኮም የአየር ሰዓት ብድር አሥር በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ተቆርጦበት የሚሰጥ ሲሆን፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ መመለስ አለበት። በሙስሊም ሊቃውንት ዘንድ የዚህ ዓይነቱ ተቆራጭ አከራካሪ ነው፤ አንዳንዶቹ የአገልግሎት ክፍያ ነው ሲሉ ሌሎቹ አራጣ ነው ይላሉ። ኦሪት ለድሃ ወገን በወለድ ማበደርን ከልክላለች፤ እ.ኤ.አ. በ325 የተሰበሰበው የኒቅያ ጉባኤም ካህናት አራጣ እንዳይበሉ በቀኖናው ደንግጓል። እናቱ ታማ ለመደወል አምስት ብር ያጣ ሰው ፊት ሲቆም ስያሜው ብዙም ለውጥ አያመጣም።

ከዋጋው ይልቅ የሚከብደው ጥያቄ ግን የተረፈው ነው።

ዕለታዊ፣ ሳምንታዊ፣ ወርሃዊ ጥቅል የገዛ ሁሉ ያውቀዋል፤ የተከፈለበት ዳታ ሳይነካ ሰዓቱ ይደርስና ይጠፋል። መብራት ሲጠፋ፣ ኔትወርክ ሲቋረጥ፣ ሰው ሥራ ላይ ሲውል ሰዓቱ አይጠብቅም። ኩባንያዎቹ የሸጥነው መጠን ሳይሆን በዚህ ጊዜ ውስጥ የመጠቀም መብት ነው፣ የዛሬ ማታ የኔትወርክ አቅም ለነገ አይቀመጥም ሲሉ ይከራከራሉ። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም፤ ሌሊት ሰው በማይበዛበት ሰዓት በርካሽ የሚሸጥ ዳታ ሌሊቱ ሲነጋ ቢያበቃ ማንም ተታለልኩ አይልም። ይሁን እንጂ የሚሸጠው ጊዜ ከሆነ መጠኑ ለምን ይቆጠራል? መጠን ከሆነስ ጊዜው ለምን ይገደባል? በተግባር ሁለቱም ይቆጠራሉ፣ ቀድሞ ያለቀው በደንበኛው ላይ ይፈረዳል። ኦሪት ዘዳግም በአንድ ከረጢት ውስጥ ትልቅና ትንሽ ሁለት ዓይነት ሚዛን መያዝን የከለከለው እንዲህ ያለውን ብልጠት ነው።

በአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ በታልሙድ ውስጥ ስለ እንጥፍጣፊ የተጻፈ አንድ ታሪክ አለ። አባ ሻኡል የሚባል ነጋዴ ወይን ሲሸጥ አንድ ነገር ያስጨንቀው ነበር። ወይን ሲቀዳ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ሲበርድ ገዢው የወሰደው ከመስፈሪያው በጥቂቱ ይጎድላል። ባልንጀሮቹ ደግሞ ዘይት ነጋዴዎች ነበሩ፤ ዘይት በመስፈሪያው ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፣ የቱንም ያህል ቢገለበጥ ጥቂት ይቀራል። ሰዎቹ ይህን ትርፍ ለብቻው አጠራቀሙት። እሱ 300 ማድጋ ወይን፣ እነሱ 300 ማድጋ ዘይት ሞላላቸው፤ ተሸክመውም ኢየሩሳሌም ወዳሉት የቤተ መቅደሱ ግምጃ ቤት ሹሞች ዘንድ ሄዱ። ሹሞቹ ይህን ማምጣት አይጠበቅባችሁም አሏቸው። እነሱ ግን ከዚህ ነገር መጠቀም አንፈልግም ብለው እንቢ አሉ። በመጨረሻ ገንዘቡን ለሕዝብ ጥቅም አውሉት ተባሉ። የተዘረፈው ሰው በማይታወቅበት ጊዜ ለሕዝብ ይዋል የሚለው ሕግ ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ ረቢ ሒስዳ የሰጠው መልስ ጉድጓድ፣ ቦይና የውኃ ማጠራቀሚያ የሚል ነው። ማን እንደሚጠጣ አይታወቅምና ምናልባት ከጠጪዎቹ አንዱ ያ የጎደለበት ሰው ይሆናል።

ሰዎቹ አላታለሉም። መስፈሪያቸው ትክክለኛ ነበር፤ አረፋውም ዘይቱም የተፈጥሮ ሥራ ነው። እንዲያም ሆኖ ያልተሰጠ ነገር የእኛ ነው ለማለት ሕሊናቸው አልፈቀደም። የዳታው ማብቂያ ሰዓት ግን የተፈጥሮ ሥራ አይደለም፣ ሰው ተቀምጦ የወሰነው ነው።

የደቡብ አፍሪካ የኮሙኒኬሽን ተቆጣጣሪ በ2018 ያወጣውና አንድ ኦፕሬተር ፍርድ ቤት ሄዶ ስላዘገየው ከማርች 2019 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ደንብ፣ ደንበኛ የተረፈውን ዳታ እንዲያሻግርና ለሌላ ሰው እንዲያስተላልፍ መብት ሰጠው። ጥቅሉ ሲያልቅም ሳይፈቅድ በውድ ዋጋ እንዳይቆረጥበት ከለከለ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ የጋና መንግሥት ያልተጠቀሙበት ዳታ እንዳይቃጠል መመሪያ ሰጠ፤ በኬንያም ሳፋሪኮም ማብቂያ ጊዜ የሌለው ጥቅል ጀመረ። ሊሆን አይችልም ሲባል የነበረው ነገር በጥቂት ወራት ውስጥ ሆነ።

ታልሙድ ስለ መስፈሪያ ሌላም ከባድ ቃል አለው። ረቢ ሌዊ በሐሰት መስፈሪያ የሚሸጥ ሰው ቅጣት ከዝሙት ቅጣት ይከብዳል ብሏል። ከዝሙት ንስሐ መግባት ይቻላል፤ ሺህ ሰው ላይ ጥቂት ጥቂት ያጎደለ ግን ለማን ይመልስ? በወንጌል ቀራጩ ዘኬዎስ ያታለለውን አራት እጥፍ ለመመለስ ሲነሣ ቢያንስ የኢያሪኮን ሰዎች ያውቃቸዋል። ጥቂት ጥቂት መውሰድ ወሳጁን ከንስሐም ከችሎትም ያስመልጠዋል።

አሜሪካ ይህን በችሎት አይታዋለች። አንድ የካሊፎርኒያ ባልና ሚስት በነፃ ተብሎ ለተሰጣቸው ስልክ 30 ዶላር ከ22 ሳንቲም ግብር ተጠየቁና ከመሰሎቻቸው ጋር በአንድነት ለመክሰስ ሞከሩ። ውላቸው ግን በአንድነት መክሰስን ይከለክል ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2011 በ5 ለ4 ድምፅ ክልከላውን አጸናው። በሐሳብ የተለዩት ዳኛ ብሬየር ለሠላሳ ዶላር ብሎ ብቻውን የሚከስስ ማን አለ ብለው ነበር የተከራከሩት። ከ2014 መጨረሻ እስከ 2015 አጋማሽ ባለው ጊዜ ደግሞ አራቱም ትልልቅ ኩባንያዎች፣ ኤቲ ኤንድ ቲ፣ ቲ-ሞባይል፣ ቬራይዘንና ስፕሪንት፣ ደንበኞች ሳያዝዙ ለሚላኩ የኮከብ ቆጠራና የዝነኞች ወሬ መልእክቶች ገንዘብ በማስከፈል ተከስሰው ከ350 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለመክፈል ተስማሙ። የተለመደው ክፍያ በወር 9 ዶላር ከ99 ሳንቲም ነበር። በአገራችንም በአጭር ቁጥር እየመጣ በየቀኑ ብር የሚቆርጥ መልእክት የሚያማርረው ሰው ጥቂት አይደለም። ዝምታ እንደ ፈቃድ የሚቆጠርበት ውል ፈቃድ አለው ሊባል አይገባም።

የረቢ ሌዊ ፍርሃት ግን ዛሬ አንድ መልስ አለው። በ2010 ቬራይዘን ደንበኞች በስህተት አንድ ቁልፍ ሲነኩ ኢንተርኔት እየተከፈተ 1 ዶላር ከ99 ሳንቲም ያስከፍላቸው እንደነበር ተደርሶበት፣ 15 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች ቢያንስ 52.8 ሚሊዮን ዶላር ለመመለስና 25 ሚሊዮን ለመንግሥት ለመክፈል ተስማማ። ለአብዛኞቹ የደረሳቸው ከ2 እስከ 6 ዶላር ነው። ለነባር ደንበኞች በሒሳባቸው ላይ ገባላቸው፣ ኩባንያውን ለተዉት ቼክ ተላከላቸው። የጥንቶቹ ነጋዴዎች ዘይቱ ከማን እንደ ጎደለ ማወቅ አልቻሉም፤ የስልክ ኩባንያ ግን የእያንዳንዱን ቁጥር እንጥፍጣፊ ከነሰዓቱ መዝግቦ ይዟል። ባለቤቱ ይታወቃል።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2019 በአዋጅ ቁጥር 1148 የተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ፤ ከ2022 ጀምሮም ገበያው ውስጥ ሁለት ኦፕሬተሮች አሉ። ባለሥልጣኑ ሁለቱንም በየዓመቱ ሊጠይቃቸው የሚገባው ነገር በአንድ መስመር ይጻፋል፤ ከተሸጠው ዳታ ምን ያህሉ ሳይነካ ጊዜው አለፈበት፣ ገንዘቡስ በየትኛው ሒሳብ ተመዘገበ?