ፍቅርና መድኃኒት

ሉሲ ፕረብል የጻፈችው፥ በ2005 ዓ.ም. በለንደን ብሔራዊ ቴአትር የታየ፥ ከዚያም ወዲህ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሚጫወቱት «ዘ ኢፌክት» የተባለ ቴአትር አለ። የድብርት መድኃኒት እንዲሞከርባቸው ፈቅደው የገቡ ሁለት ወጣቶች ይዋደዳሉ። ነገር ግን ፍቅሩ ከልባቸው የመነጨ ይሁን፥ ወይም ክኒኑ በአንጎላቸው ያበዛው ዶፓሚን ያመጣው ይሁን ይጠራጠራሉ።

ጥያቄው ለእኛም እንግዳ አይደለም። በወልድያም ሆነ በመርሳ፥ በመላውም ሀብሩ፥ ስለ መስተፋቅር ሲወራ ያልሰማ ጥቂት ነው። መስተፋቅር የሚሻ ሰው የሌላውን ፈቃድ ሊሰርቅ ያስባል፤ ፈቃድ የሌለበትም ፍቅር አይባልም። የሐኪም መድኃኒት ግን በሕመም የታሰረውን ፈቃድ ይፈታል። ስለዚህ ክኒን የሚውጠውን የትዳር ጓደኛ «የሚወደኝ መድኃኒቱ ነው» ብሎ መጠርጠር፥ ጠበል የገባውንም በሽተኛ መድኃኒቱን ማስጣል አይገባም፤ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንድናከብር አስተምሮናልና።

ነፍስና ሥጋ የተዋሐዱ ስለ ሆኑ ስሜት በአንጎልና በደም ቢያልፍ አያስደንቅም። ፍቅር የሚመሰከረው በጽናቱ ነው። በቴአትሩ ፍጻሜ ወጣቱ የማስታወስ ኃይሉን ሲያጣ ወጣቲቱ ታስታምመዋለች፤ የነገረችውን ወዲያው ቢረሳውም ደግማ ትነግረዋለች። እንዲህ ያለውን ትዕግሥት ክኒን አይሰጥም፤ በየቤታችን የታመመውን ስናስታምም ግን ከእግዚአብሔር እንቀበለዋለን።