ውሃን ማን ይቆጣል?

በስዊዘርላንድ ቪንተርቱር ከተማ፣ ቶስ በሚባለው ሰፈር፣ አንዲት እናት ከአምስት ዓመት ልጇ ጋር በኪራይ ቤት ትኖር ነበር። እንደ ብዙዎቹ የስዊስ የኪራይ ቤቶች ሁሉ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ያለው ምድር ቤት ነው፤ ተከራዩ ሁሉ ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ሰሌዳ እያየ ተራውን ይጠብቃል። የእሷ ተራ ማክሰኞ ነበር። የልጇ ችግር ግን ማክሰኞን አይጠብቅም።

ልጁ ሽንት ቤት መቀመጥ ከለመደ ቆይቷል። ከብርዱ ወራት ወዲህ ግን ከኪንደርጋርተን ሲመለስ ሙታንታው ቆሽሾ ይገኛል። ሽንትም የሚያመልጠው ቀን አለ። “ለምን አልተናገርክም?” ስትለው “አልተሰማኝም እማዬ” ይላል። አላመነችውም። በገዛ ገላው ላይ የሆነውን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? ልጁ ሲተኛ መታጠቢያ ቤት ተንበርክካ ሙታንታውን በሳሙና ታሻለች፤ እያሸች ትናደዳለች።

መጀመሪያ መከረችው። ቀጥላ ከጎረቤት ልጅ ጋር አወዳደረችው። “እሷ ገና ሦስት ዓመቷ ነው፤ አንተ ትልቁ አታፍርም?” አለችው። በመጨረሻ ጮኸችበት፤ ካርቱንም ከለከለችው። ይህ ሁሉ ሆኖ ሙታንታው አልጸዳም። የተለወጠው ልጁ ነው፤ መደበቅ ጀመረ። አንድ ቀን አልጋው ሥር የመጫወቻ ካርቶን ስትከፍት ሦስት የቆሸሹ ሙታንታዎች ተጠቅልለው አገኘች።

በአንዱ ማክሰኞ ቅርጫቷን ይዛ ምድር ቤት ስትወርድ ወለሉ በውሃ ተጥለቅልቋል። መወልወያ አንስታ ወለወለች። ማሽኑ ውሃውን ሲለቅ ወለሉ ተመልሶ ሞላ። አሁንም ወለወለች፤ አሁንም ሞላ። ማሽኑን በጥፊ መታችው። በዚህ መሐል ሕንፃውን የሚጠብቁት ሽማግሌ መጡ። በወጣትነታቸው ከጣሊያን መጥተው ዕድሜያቸውን በሱልዘር ፋብሪካ የጨረሱ ሰው ናቸው።

“ተዪው፣ አትወልውዪ” አሏት። ጥግ ላይ ያለውን የብረት ክዳን አነሡና ረጅም ጥምዝ ሽቦ ወደ ቱቦው አስገቡ። ያዞራሉ፣ ይገፋሉ፣ ያርፋሉ፤ እንደገና ያዞራሉ። ሲቆዩ የክር፣ የጸጉርና የሳሙና ቅሪት አንድ ላይ ተጋግሮ የጠጠረ ጓል ወጣ። ውሃው ጉርጉር እያለ ወረደ።

“እኔ ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ ነበር” አለች።

“ማሽኑ ጤነኛ ነው። ውሃው መውጫው ሲዘጋበት ባገኘው በኩል ወጣ። ይኼ ደግሞ የአንድ ቀን ጥርቅም አይደለም። ስለዚህ ዛሬ ከፈትነው ብዬ አልተወውም፤ ለወራት እየመጣሁ ሙቅ ውሃ እለቅበታለሁ፤ አለዚያ ተመልሶ ይዘጋል።” መወልወያዋን አዩና ጨመሩ፦ “ብዙ ቱቦ ከፍቻለሁ፤ ውሃን ግን ተቆጥቼ አላውቅም።”

ይህች ቃል ሌሊቱን አላስተኛቻትም። በማግስቱ ወደ ሕፃናት ሐኪም ደወለች። ሐኪሟ የልጁን ሆድ በጣቶቿ ቀስ እያለች ዳሰሰችና ከእምብርቱ በታች በስተግራ የጠጠረ ነገር አገኘች። “ካካ ሲመጣ ያምሃል?” ብላ ስትጠይቀው እናቱን አየ፤ ቆይቶም “አንድ ቀን በጣም አመመኝ። ከዚያ ወዲያ እይዘዋለሁ” አለ።

ሐኪሟ ነገሩን አስረዳቻት። እናትየው ቤት ስትገባ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። “አልተሰማኝም ስትለኝ እውነትህን ነበር። እኔ ነኝ ያላመንኩህ” አለችው።

ችግሩ በዚያ ሳምንት አልጠፋም፤ በዚያ ወርም አልጠፋም። ነገር ግን ከጥቂት ቀናት በኋላ ልጁ ከኪንደርጋርተን ሲመለስ ቦርሳውን ከፍቶ የቆሸሸውን በፌስታል አወጣና “እማዬ፣ ዛሬም አመለጠኝ” ብሎ ሰጣት። እሷም ተቀብላ “ስለነገርከኝ ጎበዝ” አለችው። ጤናው ከዚያ ቀን ጀመረ።

ፍቺው ይህ ነው። ሽንት ቤት መጠቀም የለመደ ልጅ ሰገራ ደጋግሞ ሲያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ የሆድ ድርቀት ነው። አንድ ጊዜ ሲወጣ ያመመው ልጅ ሕመሙን ፈርቶ ይይዛል። የተያዘው እየደረቀ ይጠራቀማል፤ የደንዳኔውን ጫፍ ይለጥጠዋል። የተለጠጠ ደንዳኔ “ሞልቻለሁ” የሚለውን ስሜት መስጠት ያቆማል። ከላይ የሚመጣው ቀጭኑ ሰገራ በደረቀው ጎን ሾልኮ ይወጣል፤ ወላጅ ተቅማጥ ይመስለዋል። የሞላው ደንዳኔ የሽንት ፊኛውንም ስለሚጫን ሽንትም ያመልጣል። እንግዲህ ልጁ “አልተሰማኝም” ሲል የሚናገረው የገላውን እውነት ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይላሉ አባቶች። ሥሩን የሚከፍተው ሐኪም የሚያዘው ሰገራ የሚያለሰልስ መድኃኒት ነው፤ ብዙ ጊዜ በውሃ የሚበጠበጥ ማክሮጎል የተባለ ዱቄት። ተልባ፣ ጎመን፣ ምስር፣ ፍራፍሬና በቂ ውሃ ያግዛሉ፤ ተጋግሮ የቆየውን ግን ብቻቸውን አያወጡም። ከቁርስና ከእራት በኋላ አንጀት ራሱ ስለሚንቀሳቀስ ያን ጊዜ ልጁ አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ይቀመጥ፤ እግሩ እንዳይንጠለጠል በርጩማ ይደረግለት። የሚመሰገነው ስለተቀመጠ ይሁን፤ ወጣም አልወጣም። መድኃኒቱ ለወራት ይቀጥላል፤ ሙታንታው ጸዳ ተብሎ በራስ ፈቃድ አይቋረጥም። ቪንተርቱር ባለችበት በዙሪክ ካንቶን ልጆች አራት ዓመት እንደሞላቸው ኪንደርጋርተን ስለሚገቡ ለአስተማሪዋም በግልጽ መንገርና ቅያሪ ልብስ መላክ ያስፈልጋል።

በዚያው በቪንተርቱር እ.ኤ.አ. በ1943 የተወለዱት የሕፃናት ሐኪም ሬሞ ላርጎ በዙሪክ የሕፃናት ሆስፒታል የሁለት ትውልድ ልጆችን አነጻጽረው ነበር። በ1950ዎቹ ወላጆች ልጆቻቸውን ዓመት ሳይሞላቸው ፖፖ ላይ ያስቀምጡ ነበር፤ በ1970ዎቹ ግን ብዙ ዘግይተው ጀመሩ። ሆኖም ቀድመው የጀመሩት ልጆች ራሳቸውን ችለው መቆጣጠር ላይ ቀድመው አልደረሱም። ጤነኛውን ልጅ እንኳ የወላጅ ጥድፊያ ካላፈጠነው፣ የታመመውን ቁጣ እንዴት ይፈውሰዋል?

ሰገራው ላይ ደም ከታየ፣ ሆዱ ተነፍቶ ካስታወከ፣ ሲሸና ካቃጠለው ወይም ካተኮሰው፣ ውሃ ውሃ እያለ ሽንት ካበዛ፣ እግሩ ከደከመ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ለሐኪም አሳዩት። ይህ ሁሉ ባይኖርም ሐኪም ዘንድ መሄድ አይቅር። እስከዚያ ድረስ ግን የልጁን ቃል እመኑ፤ የሚያምነው ሰው ያገኘ ልጅ ሕመሙን አይደብቅም፤ ያልተደበቀ ሕመም ደግሞ ይታከማል።