ከአንገት በላይ ይቅርታ

የማኅበራዊ ክህሎት ቡድን የሚባለው፣ ቶሎ የሚቆጡ፣ የሚማቱ፣ ተራ መጠበቅ የሚያቅታቸው ወይም ከእኩዮቻቸው ጋር መግባባት የተሳናቸው ጥቂት ልጆች በአሠልጣኝ መሪነት እየተገናኙ ከሰው ጋር መዋልን የሚለማመዱበት ስብስብ ነው። ለዚህ ሥልጠና የታወቀ መልክ ከሰጡት አንዱ በአሜሪካ የሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረው የሥነ ልቦና ምሁር አርኖልድ ጎልድስታይን ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያዘጋጀው ለአዋቂ የአእምሮ ሕሙማን ሲሆን፣ ኋላ ለወጣቶችና ለልጆች እንዲሆን ተደርጓል። አሠልጣኙ ድርጊቱን ሠርቶ ያሳያል፤ ልጁ ከጓደኛው ጋር በጨዋታ መልክ ይደግመዋል፤ ያዩት ልጆች እንዴት እንደሠራው ይነግሩታል፤ ከዚያም ቤቱና ትምህርት ቤቱ ሄዶ እንዲሞክረው የቤት ሥራ ይሰጠዋል። ይቅርታ መጠየቅ፣ ሲያሾፉበት ማለፍ፣ ተሸንፎ ጨዋታውን አለማፍረስ፣ ሁሉም በትንንሽ ደረጃዎች ተከፋፍሎ ይጠናል።

በደረጃ የተጠና ይቅርታ ግን ይቅርታ ነው? ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም የሚለው አባባል ጥርጣሬውን ባጭሩ ይይዘዋል፤ ጸጸቱ ካለ ቃሉን ማን ማስጠናት ያስፈልገዋል? ከሌለስ ቃሉ ምን ይረባል? ጀርመናዊው ፈላስፋ አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1785 ባሳተመው የሥነ ምግባር መጽሐፉ ልምድ የሌለውን ገዢ የማያታልል ነጋዴን ያነሣል። ነጋዴው ለሕፃንም ለአዋቂም በአንድ ዋጋ ይሸጣል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ገበያው እንዳይርቀው ብሎ ከሆነ፣ ድርጊቱ ከግዴታ ጋር ቢስማማም የሞራል ዋጋ የለውም። በቡድኑ ሰሌዳ ላይ የሽልማት ኮከብ እንዲለጠፍለት ብሎ ተራውን የሚጠብቅ ልጅም በዚህ ሚዛን ከነጋዴው አይሻልም።

የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። የኒቆማኮስ ሥነ ምግባር በሚባለው ሥራው ሁለተኛ መጽሐፍ፣ ሰው ፍትሐዊ የሚሆነው ፍትሐዊ ሥራ በመሥራት ነው ይላል፤ ወዲያውም ተቃውሞውን ራሱ ያነሣል። ፍትሐዊ ሥራ የሠራ ሰው አስቀድሞ ፍትሐዊ ሆኗል ማለት አይደለምን? መልሱ ከሰዋስው የተወሰደ ነው፦ ሰው በአጋጣሚ ወይም ሌላው ነግሮት ትክክለኛ ነገር ሊጽፍ ይችላል፤ ሰዋስው ዐዋቂ የሚባለው ግን ከራሱ ዕውቀት ሲጽፍ ነው። ለምግባርም ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ዐውቆ መሥራትን፣ ሥራውን ለራሱ ለሥራው ሲል መምረጥን፣ ከማይናወጥ ጠባይ መነሣትን። አሠልጣኙ በጆሮው ሹክ ያለውን የሚደግም ልጅ ከሦስቱ ገና አንዱን እንኳ በቅጡ አልያዘም፤ ያለዚያ ድግግሞሽ ግን ወደ ሦስቱ የሚያደርስ መንገድ የለም። ስለዚህ የካንት ፍርድ ለአዋቂው ነጋዴ የሚገባ ቢሆንም፣ ገና በመማር ላይ ላለ ልጅ ቸኩሎ የወጣ ፍርድ ነው።

የሽልማቱ ጉዳይ ይበልጥ ያከራክራል። እ.ኤ.አ. በ1973 ሌፐር፣ ግሪንና ኒስቤት የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆች ሽልማት ተስፋ ተሰጥቷቸው ከሣሉ በኋላ በነፃ ጊዜያቸው የመሣል ፍላጎታቸው ቀነሰ፤ ሳይጠብቁት የተሸለሙት ግን አልቀነሰባቸውም። ጥናቱ ብዙ ጊዜ ኮከብና ከረሜላን ለማውገዝ ይጠቀሳል፤ ጠቃሾቹ የሚዘነጉት ግን ልጆቹ የተመረጡት አስቀድሞ መሣል ስለሚወዱ መሆኑን ነው። መጫወቻ ማካፈልን ጨርሶ የማይወድ ልጅ በሽልማቱ የሚያጣው ፍቅር ገና አልተፈጠረም። በ12ኛው መቶ ዘመን የኖረው አይሁዳዊ ሊቅ ማይሞኒደስ ይህን ተረድቶ ነበር፤ ሕፃን ትምህርት እንዲጀምር ለውዝ፣ በለስ ወይም ማር ይሰጠዋል፣ ሲያድግ ልብስና ጫማ፣ ከዚያ ገንዘብ፣ ከዚያም ክብር፤ ፍጻሜው ግን እውነትን ለእውነትነቱ መፈለግ ነው ይላል። በየደረጃው የፊተኛው ስጦታ ይቀራል። ሽልማቱን መቼ እንደሚያነሣ ያላሰበ ቡድን ማሩን የመጨረሻ ግብ አድርጎታል።

ሌላው ችግር ከእጅ ይልቅ በዓይን ይጀምራል። ኬኔት ዶጅ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ እንዳሳየው፣ ጠበኛ ልጆች ዓላማው በግልጽ ያልታወቀን ድርጊት ብዙውን ጊዜ ሆን ተብሎ እንደተፈጸመ ጥቃት ያዩታል። በሰልፍ ላይ የነካው ክንድ ለእንዲህ ያለው ልጅ ግፊያ ነው፤ መልሶ መምታቱም በእርሱ ዓይን ራስን መከላከል ነው። እንዲህ ያለ እይታ ግን ሊታረም ይችላል፤ አይሪስ መርዶክ የተባለችው ፈላስፋ ምራቷን በልቧ የምትንቅ፣ በአደባባይ ግን ጨዋነቷ እንከን የሌለበት አማት ምሳሌ አድርጋ ታቀርባለች። አማቲቱ ምራቷን ደጋግማ በፍትሕ ዓይን ስትመለከታት፣ ባለጌ ያለቻት ግልጽ፣ ጫጫተኛ ያለቻት ደስተኛ ሆና ታገኛታለች። በውጭ ምንም አልተለወጠም፤ የሞራሉ ሥራ በሙሉ ውስጥ ተሠርቷል። ልጆቹ ስንት ጊዜ እንደተማቱ ብቻ የሚቆጥር ቡድን ይህን ሥራ ሊያየው አይችልም። «ሲነካህ ምን ያሰበ ይመስልሃል? ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል?» እያለ የሚጠይቅ አሠልጣኝ ግን ልጁ ያየውን እንደገና እንዲያይ ያደርገዋል።

ልጆቹን መሰብሰቡ ራሱ አደጋ አለው። ዲሺዮን፣ ማኮርድና ፑሊን እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጽሑፍ፣ አስቸጋሪ ጠባይ ያላቸውን ወጣቶች ብቻ ለእርዳታ አንድ ላይ ማድረግ ጥፋታቸውን ሊያባብስ እንደሚችል አመልክተዋል፤ አንዱ ስለ ጥፋቱ ሲያወራ የሌሎቹ ሳቅ ከየትኛውም ኮከብ የበለጠ ሽልማት ይሆናልና። ከአህያ ጋር ስለዋለችው ጊደር የሚነገረውን ለሰማ ይህ አዲስ ግኝት ላይመስል ይችላል። አርስቶትልም ጥሩውም መጥፎውም በገና ደርዳሪ ከዚያው መደርደር እንደሚገኝ ጽፏል። ሰላማዊ እኩዮችን ቀላቅሎ ቡድኑን ማሳነስ፣ የልጆቹንም ወሬ በቅርብ መከታተል የሚመከረው ለዚህ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቡድኑ ከልጁ ሊጠይቅ የሚገባው ምን ያህል ነው የሚለው ይቀራል። ድርጊት ሊታዘዝ ይችላል፤ ጸጸት ግን በትእዛዝ አይመጣም። «ከልብህ በለው» ተብሎ የተገደደ ልጅ የሚማረው ፊቱን ማስመሰል ብቻ ነው። የጓደኛውን ግንብ ያፈረሰ ልጅ አብሮ መልሶ እንዲሠራው ቢደረግ፣ ቃሉም በሚችለው ጊዜ እንዲወጣ ቢተውለት፣ ያልተሰማውን ተሰምቶኛል ሳይል የሚገባውን መፈጸም ይችላል።